አስተያየታችንን እንዴት እንጽፋለን?

(ለአዲስ አንባብያን በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር የተጻፈ)

  ፊደል ቆጥራችሁ፣ ቃል ከቃል አጋጥማችሁ፣ እነሆ ሙሉ ገጽ ለማንበብ በቅታችኋል። እንኳን ለዚህ አበቃችሁ።

ባለፉት ንግግሮቻችን ስማችንን መጻፍን፣ ለዘመድ ደብዳቤ መላክን፣ ደረሰኝና ማስታወቂያ ማንበብን ተመልክተናል። ዛሬ አንድ እርምጃ ወደፊት እንሂድ። የዛሬው ርዕሳችን፣ «አስተያየታችንን እንዴት እንጽፋለን?» የሚል ነው።

አስተያየት ምንድን ነው?

ዜና የሆነውን ነገር ይነግረናል። «ትናንት በረዶ ጣለ» ቢል ዜና ነው። አቤቱታ በራሳችን ላይ የደረሰውን በደል ይናገራል። «መሬቴን ተነጠቅሁ፤ ይመለስልኝ» ቢል አቤቱታ ነው። አስተያየት ግን የብዙ ሰው በሆነ ጉዳይ ላይ፣ «እኔ እንዲህ ቢደረግ ይሻላል እላለሁ፤ ምክንያቴም ይህ ነው» የሚል ጽሑፍ ነው። በጋዜጣ ይወጣል። በሬዲዮ ይነበባል። በቀበሌ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። በስብሰባም መካከል ተነሥቶ ይነበባል።

ታዲያ ለምን እንጽፋለን? በአፍ መናገሩ አይበቃም ወይ?

በአፍ የተነገረ ነገር ከተናጋሪው ጋር ይቀራል። ሰሚው ቤቱ እስኪደርስ ግማሹን ይረሳል፤ ሌላውን ግማሽ ለጎረቤቱ ሲነግር ይቀይረዋል። የተጻፈ ግን እናንተ በሌላችሁበት ቦታም ቃላችሁን ሳይለውጥ ይናገራል።

ሌላም ምክንያት አለ። መጻፍ የማይችል ሰው ጉዳይ ሲኖረው የሚሄደው ፍርድ ቤት ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግቶ ወደሚጽፈው ሰው ነው። እሱ ይናገራል፤ ጸሐፊው ይጽፋል፤ ገንዘብ ይከፈለዋል። ጽሑፉ ሲነበብለት ግን አንዳንዴ የራሱን ቃል አያገኘውም። ጸሐፊው ያማረ የመሰለውን ጨምሯል፤ ዋናውን ነገር ትቶታል።

ይህ ነገር በአገራችን በጎጃም ትልቅ ዋጋ ያስከፈለ ጉዳይ ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ፣ የጎጃም ገበሬ መሬቱ መለካቱን አልወደደም። «ዛሬ ከለኩት ነገ ይወስዱታል» ብሎ ሠጋ። ሽማግሌዎች አቤቱታ ይዘው እስከ አዲስ አበባ ሄደዋል። ነገሩ ግን በስምምነት አላለቀም፤ ወደ ግጭት ደርሶ የሰው ሕይወት ጠፋ። ያ ሁሉ ገበሬ ሐሳብ ነበረው፤ ምክንያትም ነበረው። ነገር ግን አብዛኛው መጻፍ አይችልም ነበር። ስለዚህ ስለ እሱ የምናነበው በአብዛኛው ሌላ ሰው የጻፈውን ነው። ባለሥልጣን ጽፏል፤ የታሪክ ምሁር ጽፏል። ገበሬው በራሱ እጅ፣ «እኔ ያልኩት ይህን ነው» ብሎ የጻፈውን ግን ማን ያሳየናል?

ዛሬ ብዕሩ በእጃችሁ ነው። እንግዲህ እንዴት እንደምንጠቀምበት እንመልከት።

ሙግት ለእኛ አዲስ አይደለም

«እኔ ገና አሁን ፊደል የቆጠርኩ ሰው፣ እንዴት አድርጌ አስተያየት እጽፋለሁ?» የሚል ይኖራል። ይህን የምትሉ ሁሉ፣ መከራከር መቼ ጠፋችሁ? ዕድር ላይ ትከራከራላችሁ። ማኅበር ላይ ትከራከራላችሁ። የድንበር ጉዳይ ሲነሣ ሽማግሌ ፊት ትቆማላችሁ።

በአባቶቻችን ዘመን ሙግት በበላ ልበልሃ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው፣ ነገር በነገር እየመለሱ ይሟገቱ ነበር። ዳኛ በአካባቢው ካልተገኘ መንገደኛም ቢሆን፣ «እባክህ ቁጭ በልና ስማን» ተብሎ ዛፍ ሥር ይዳኝ ነበር።

ይህን መንገደኛ በልባችሁ ያዙት። ጽሑፋችሁን የሚያነበው ሰው እሱ ነው። እናንተን አያውቅም። መንደራችሁንም አያውቅም። የራሱ መንገድ አለበት፤ ገበያ ሊሄድ ነው፤ ከብት ሊያስገባ ነው። ለጥቂት ጊዜ ብቻ ቁጭ ብሎላችኋል። ነገሩን ካጓተታችሁበት ተነሥቶ ይሄዳል። ከሰደባችሁ ደግሞ፣ «እነዚህ ሰዎች ጠብ እንጂ ፍርድ አይፈልጉም» ይላል።

በወረቀትና በሸንጎ መካከል ግን አንድ ልዩነት አለ። ሸንጎ ላይ ድምፅ አለ። እጅ ይወራጫል። ሰሚው ያልገባው ነገር ቢኖር ይጠይቃችኋል፤ እናንተም ትመልሳላችሁ። ወረቀት ተጠይቆ አይመልስም። ስለዚህ አንባቢው የሚጠይቀውን ጥያቄ አስቀድማችሁ አስባችሁ፣ መልሱን እዚያው መጻፍ አለባችሁ።

ሰሙን ትታችሁ ወርቁን ጻፉ

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዲማ ጊዮርጊስን፣ ዋሸራን፣ ጎንጅን የማያውቅ የቤተ ክህነት ሰው የለም። እኛም ብንሆን ቅኔ ቤት ባንገባ እንኳ ነገርን በሰምና ወርቅ መናገር እንወዳለን። ሰሙ ላይ ላዩን የሚሰማው ነው። ወርቁ ከውስጥ የተደበቀው ነው። ሰሚው ወርቁን ፈልጎ ሲያገኘው ደስ ይለዋል።

ይህ ለቅኔ ክብር ነው። ለአስተያየት ግን አይሆንም። የመንደሩ ምንጭ እየደረቀ ሳለ፣ «ዘንድሮስ የእንስራው ክብደት ቀለለ» ብላችሁ ብትጽፉ፣ ዐዋቂ ሰምቶ ይስቃል። ምንጩ ግን በዚያው ይደርቃል። ወርቁ ያልገባው ሰው ምንም አያደርግም፤ የገባውም ሰው ያልገባው መስሎ ማለፍ ይችላል።

የአገራችንን ልጅ ሐዲስ ዓለማየሁን ለምሳሌ እንውሰድ። በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አካባቢ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ። በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ ሰው ናቸው። በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚባለውን ልብ ወለድ አሳተሙ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው ፊደል ያልቆጠረውም ሰው ሰምቶታል። በዚያ መጽሐፍ ስለ ባላባትና ስለ ገበሬ ያላቸውን ሐሳብ በታሪኩ ሰዎች ኑሮ አሳዩን እንጂ፣ «እኔ እንዲህ እላለሁ» ብለው አልነገሩንም። የልብ ወለድ መንገድ እንዲህ ነው።

በ1966 ዓ.ም. ግን ስለ አገር አስተዳደር አስተያየታቸውን ሊሰጡ ሲነሡ፣ የጽሑፋቸውን ርዕስ «ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል?» አሉት። እዚህ ላይ ምንም የተደበቀ ነገር የለም። ርዕሱን ያየ ሁሉ ስለ ምን እንደተጻፈ ወዲያው ያውቃል። ሰውየው አንድ ናቸው። ሥራው ሲለያይ አጻጻፉም ተለየ።

የራሴ ስሕተት

አሁን ደግሞ ከራሴ ኑሮ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። የምነግራችሁ ጥፋቴን ስለሆነ ብትስቁም ግድ የለኝም።

የተወለድኩበት መንደር ከጮቄ ተራራ ግርጌ ነው። ጮቄ ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ከእሱ የሚነሡ ብዙ ወንዞች ወደ ዓባይ ይገባሉ። እንዲህ የውኃ አገር ሆነን ሳለ፣ የመንደራችን ምንጭ በበጋ እየቀነሰ መጣ። በዙሪያውም ባሕር ዛፍ በዝቶበት ነበር።

እኔ ተናደድኩ። ለአንድ ጋዜጣ ሦስት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። ምን ብዬ? «ሕዝባችን ተፈጥሮን አጠፋ። ሰው ሁሉ ለገንዘብ ብቻ ይሮጣል። የሚመለከተው ክፍል ተኝቷል። ወጣቱም ግድ የለውም። አፋጣኝ እርምጃ ይወሰድ!» ብዬ። ጽሑፉ አልወጣም። ጠበቅኩ፤ አልወጣም። አዘጋጆቹን በልቤ ተቀየምኳቸው።

አንድ ቀን ለአክስቴ አነበብኩላት። አክስቴ ፊደል የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ልጅ አዝላ ነበር የተማረችው። እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማችኝና፣

«ልጄ፣ ተቆጥተሃል፤ ቁጣህ ገብቶኛል። ግን ነገ ጧት ማን ምን እንዲያደርግ ነው የፈለግኸው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሦስት ገጽ ጽፌ፣ ማን ምን ያድርግ እንደምል አላውቅም ነበር።

አክስቴ ቀጠለች። «ደግሞስ ከምንጩ አጠገብ ያለውን ዛፍ የተከለችው ማን እንደሆነች ታውቃለህ? ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ናት። አጣናውን ሸጣ ነው ልጆቿን ደብረ ማርቆስ የምታስተምረው። ለገንዘብ ብቻ የምትሮጥ ያልካት እሷን ነው?»

አፈርኩ። ጽሑፌን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና እንደገና ለመጀመር ወሰንኩ። በዚያን ጊዜ የተማርኩትን ነው አሁን የምነግራችሁ።

አንደኛ፦ አንድ ነገር ብቻ ምረጡ

በመጀመሪያው ጽሑፌ ስለ ደን፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ወጣት፣ ስለ መሥሪያ ቤት ተናግሬ ነበር። ብዙ ነገር ስላልኩ አንዱም አልተያዘልኝም። አንድ አስተያየት አንድ ነገር ይበቃዋል። ሌላውን ለሌላ ቀን አቆዩት።

መፈተኛው ይህ ነው። ሐሳባችሁን በመንገድ ለሚያልፍ ሰው በአንድ ትንፋሽ ንገሩት። ካልቻላችሁ ሐሳቡ ገና አልበሰለም። የእኔ ሐሳብ መጨረሻ ላይ እንዲህ ሆነ፦ «ከምንጩ በ20 እርምጃ ውስጥ ያለው ባሕር ዛፍ ይቆረጥ፤ ለተከሉት ሰዎችም ሌላ መትከያ ቦታ ይሰጣቸው።» አለቀ።

ሁለተኛ፦ ለማን እንደምትጽፉ ዕወቁ

«የሚመለከተው ክፍል» የሚባል ሰው የለም። ሁሉም ሰው፣ «እኔን አይደለም» ብሎ ያልፋል። ነገሩን ማድረግ የሚችለው ማን ነው? ቀበሌው ነው? የውኃ ኮሚቴው ነው? ትምህርት ቤቱ ነው? ወይስ የሠፈሩ ሰው ራሱ ነው? ይህን ለዩና በግልጽ ጻፉ።

በዓለም ታሪክ ከሚነሡት የጋዜጣ ጽሑፎች አንዱ በፈረንሳይ አገር የወጣ ነው። ድሬይፉስ የሚባል የጦር መኮንን የአገር ምስጢር ሸጠሃል ተብሎ በሐሰት ተፈርዶበት ነበር። በጥር ወር 1890 ዓ.ም. ኤሚል ዞላ የሚባል ደራሲ ስለ እሱ በጋዜጣ ጻፈ። የጻፈው በጥቅሉ «ለመንግሥት» ብሎ አይደለም። ለአገሪቱ ፕሬዚዳንት በስማቸው ነው። በደሉን የሠሩትንም፣ ሥራቸውን እየለየ ዘረዘረ። ዞላ በዚህ ጽሑፍ ተከሶ አገር ጥሎ እስከ መሰደድ ደርሷል። ፍርዱ ግን እንደገና ታየ፤ መኮንኑም በ1898 ዓ.ም. ነፃ መሆኑ ተረጋገጠ። ጽሑፉ ሳይድበሰበስ ስለተጻፈ ማንም አልሰማሁም ማለት አልቻለም።

እኛ እንኳን ለፕሬዚዳንት አንጽፍም። ለቀበሌ ስንጽፍም ቢሆን ግን ሥርዓቱ አንድ ነው።

ሦስተኛ፦ ማስረጃ አቅርቡ

«ውኃው ጠፋ» ማለት ቀላል ነው። አንባቢው፣ «እንዴት ዐወቅህ?» ይላል። ስለዚህ እዩ፣ ቁጠሩ፣ ጠይቁ።

እኔ በሚያዝያ ወር ሦስት ቀን ጧት ጧት ምንጩ አጠገብ ተቀመጥኩ። አንድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ለመሙላት 11 ደቂቃ ፈጀ። በሦስተኛው ቀን 23 ሰዎች ተሰልፈው ቆጠርኩ። አሮጊቶችን ስጠይቃቸው፣ «ድሮ አባታችን ሆይ ብለን ሳንጨርስ እንስራው ይሞላ ነበር» አሉኝ። ጄሪካኑንና ሰልፉን ያየሁት እኔ ነኝ። የድሮውን ግን የነገሩኝ እነሱ ናቸው። ስጽፍም ለየሁት። ያያችሁትን «አየሁ» በሉ። የሰማችሁትን «ሰማሁ» በሉ። የገመታችሁትንም «ይመስለኛል» በሉ። ሦስቱን ያደባለቀ ሰው በአንዱ ሲሳሳት በሁሉም አይታመንም።

የግብርና ባለሙያም ጠየቅኩ። «ባሕር ዛፍ ብዙ ውኃ ይስባል፤ ምንጭ አጠገብ ባይተከል ይመረጣል። ነገር ግን ከላይ ተዳፋቱ መራቆቱም፣ የዝናቡ ሁኔታም ድርሻ አላቸው» አለኝ። ስለዚህ «ምንጩን ያደረቀው ባሕር ዛፍ ነው» ልል የነበረውን ትቼ፣ «አንዱ ምክንያት ባሕር ዛፉ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ቃሉ ትንሽ ለዘበ። ነገር ግን ማንም ተነሥቶ ሊያፈርሰው አይችልም።

አራተኛ፦ የተቃዋሚውን ቃል አክብራችሁ ጻፉ

ይህ ከሁሉ ይከብዳል። ከሁሉም በላይ የሚጠቅመውም እሱ ነው።

ባሕር ዛፍ ክፉ ዛፍ ብቻ ነው ወይ? አይደለም። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያወጣ ዛፍ ነው። የመጀመሪያ አገሩ አውስትራሊያ ነው። በእኛም አገር ቤት የሚሠራው በእሱ ነው። ማገሩም፣ አጣናውም፣ ማገዶውም እሱ ነው። እህል ያላደረሰበት ዘመን ቢመጣ ዛፉ ተሸጦ ቤተሰብ ያድራል። ጎረቤታችን ልጆቿን ያስተማረችው በእሱ ነው።

ይህን ሁሉ በጽሑፌ አስገባሁት። «ጠላቴን ለምን አግዛለሁ?» ትሉ ይሆናል። ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ እውነት ስለሆነ ነው። ሁለተኛ፣ እናንተ ካልጻፋችሁት ተቃዋሚው ተነሥቶ ይናገረዋል፤ ያን ጊዜ እናንተ የደበቃችሁት ይመስላል። አስቀድማችሁ ካነሣችሁት ግን መልሱንም አብራችሁ መስጠት ትችላላችሁ። የተቃዋሚውን ቃል ስትጽፉ እሱ ራሱ፣ «አዎን፣ ያልኩት ይህንን ነው» እንዲል አድርጋችሁ ጻፉ።

አምስተኛ፦ ምን ይደረግ?

«እርምጃ ይወሰድ» ማለት ምንም ማለት አይደለም። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ በምን ያድርገው? የአክስቴ ጥያቄ ይህ ነው። አስተያየት ጽፋችሁ ስትጨርሱ፣ «ነገ ጧት ማን ምን ያድርግ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱ በወረቀቱ ላይ ከሌለ አልጨረሳችሁም ማለት ነው።

ስድስተኛ፦ አታንቋሽሹ፤ ስማችሁን ጻፉ

ስድብ አንባቢን አያሳምንም። የግለሰብን ስም አንሥቶ ማዋረድ ደግሞ በሕግም ያስጠይቃል፤ ጎረቤትም ያጣላል። የምትነቅፉት ሥራውን ይሁን እንጂ ሰውየውን አይሁን። ከታች ስማችሁንና አድራሻችሁን ጻፉ። ስም የሌለውን ወረቀት ሰው እንደ አሉባልታ ይቆጥረዋል።

ሰባተኛ፦ አሳድራችሁ አንብቡት

ጽፋችሁ እንደጨረሳችሁ አትላኩት። ይደር። በማግስቱ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ለአንድ ሰው አንብቡ። ትንፋሽ ካጠራችሁ ዐረፍተ ነገሩ ረዝሟል፤ ለሁለት ክፈሉት። ሰሚው «ምን ማለትህ ነው?» ካለ በአፍ አታብራሩለት። ወረቀቱን አስተካክሉት። በጋዜጣ ሲያነብ እናንተ አጠገቡ አትኖሩም።

የተስተካከለው ጽሑፍ

እንግዲህ በመጨረሻ የጻፍኩት ይህ ነው። ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

«ምንጫችንና ባሕር ዛፋችን

ለቀበሌያችን ነዋሪዎችና ለውኃ ኮሚቴው፣

የመንደራችን ምንጭ በበጋ እየቀነሰ ነው። በሚያዝያ ወር ቆሜ እንዳየሁት አንድ ጄሪካን ለመሙላት 11 ደቂቃ ይፈጃል። አንድ ቀን ጧት 23 ሰዎች ተሰልፈው ቆጥሬአለሁ። እናቶች እንደነገሩኝ ድሮ እንዲህ አልነበረም።

የግብርና ባለሙያ እንደሚሉት ከምክንያቶቹ አንዱ ከምንጩ አጠገብ የተተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ስለዚህ ከምንጩ በ20 እርምጃ ውስጥ ያለው እንዲቆረጥ ሐሳብ አቀርባለሁ።

ባሕር ዛፍ ቤታችንን የሠራንበት፣ ልጆቻችንን ያስተማርንበት ዛፍ ነው። ያለ ምትክ ቁረጡ ማለት ግፍ ነው። ሁሉም ይቆረጥም አላልኩም። ነገር ግን አጣና ሌላ ቦታ ይበቅላል፤ ምንጭ ሌላ ቦታ አይበቅልም።

በመሆኑም፣ አንደኛ፣ ዛፉ የባለቤቱ ነውና ቆርጦ ይሽጠው። ሁለተኛ፣ ቀበሌው ከምንጩ ርቆ መትከያ ቦታ ይስጠው። ሦስተኛ፣ እኛ የመንደሩ ሰዎች ጉድጓዱን በደቦ እንቆፍርለት። ሥራው ሰኔ ዝናብ ሳይገባ ቢያልቅ ክረምቱ ሳያመልጠን ሌላውን እንተክላለን።»

ያ ሦስት ገጽ የነበረው ጽሑፍ አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም። ከታች ስሜን ፈርሜበት በቀበሌ ስብሰባ ላይ አነበብኩት።

ከዚያስ ምን ሆነ?

አንድ ሰው ተነሥቶ፣ «ዝናቡ ቢያንስስ? ዛፉን ምን አደረገው?» አለ። «ጽሑፉ ውስጥ አንዱ ምክንያት ነው ያልኩት» ብዬ መለስኩለት። ጎረቤታችንም ተነሣች። «አጣናዬ አሁን ቢቆረጥ ቀጭን ነው፤ ዋጋ አያወጣም። አንድ ዓመት ስጡኝ» አለች። እውነቷን ነበር። እኔ ስለ ዛፉ ዕድሜ አላሰብኩም። ስብሰባው አንድ ዓመት ሰጣት። ሌሎቹ በዚያው በጋ ቆረጡ። አንድ ገበሬ ግን እስከ መጨረሻው አላመነም፤ ያለማመን መብቱም ነው።

በሚቀጥለው ክረምት ምን ብናይ ጥሩ ነው? ጉቶው አቆጥቁጦ ጠበቀን። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ መልሶ እንደሚያቆጠቁጥ የማያውቅ ጎጃሜ የለም። እኔ ግን «ይቆረጥ» ብዬ ጻፍኩ እንጂ «ጉቶው ይነቀል» አላልኩም። ሰውም ያልኩትን ብቻ አደረገ። እንደገና ሁለተኛ ጽሑፍ ጻፍኩ። እሱም፣ «ጉቶውን እንንቀል» የሚል አጭር ጽሑፍ ነበር። በአንድ ቅዳሜ በደቦ ወጥተን ነቀልን። መጀመሪያ የደረሰችው ጎረቤታችን ናት፤ ዶማ ይዛ።

ምንጩ እንደ ድሮው ሆነ ብዬ አልዋሻችሁም። አክስቴ ግን አሁን ጧት ስትወርድ እንደ በፊቱ ብዙ እንደማትቆም ነግራኛለች።

የዛሬው ልምምድ

ውድ አድማጮቼ፣ ዛሬ ማታ አንድ ወረቀት ውሰዱ። በመንደራችሁ፣ በዕድራችሁ ወይም በልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ቢስተካከል የምትሉትን አንድ ነገር አስቡ። አንድ ብቻ። ከዚያ አራት መስመር ጻፉ።

በመጀመሪያው መስመር ሐሳባችሁን ጻፉ። በሁለተኛው መስመር በዓይናችሁ ያያችሁትን ማስረጃ ጻፉ። በሦስተኛው መስመር ከእናንተ ጋር የማይስማማ ሰው ምን እንደሚል ጻፉ። በአራተኛው መስመር ነገ ጧት ማን ምን ያድርግ እንደምትሉ ጻፉ።

ፊደል ብትስቱ አትፈሩ። የፊደል ስሕተት ይታረማል። አራቱን መስመር ለባላችሁ፣ ለሚስታችሁ፣ ለልጃችሁ ወይም ለጎረቤታችሁ አንብቡላቸው። በተለይም ከእናንተ ጋር የማይስማማ ጎረቤት ካለ ለእሱ አንብቡለት። ሦስተኛውን መስመር የሚያርምላችሁ እሱ ነው። ከዚያ አሳድሩና በንጹሕ ወረቀት ገልብጡት።

አዲስ ዘመን ጋዜጣ መታተም የጀመረው በ1933 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ስንቱ አንባቢ ሐሳቡን በጋዜጣ ሲጽፍ ኖሯል! ከእነዚያ መካከል መምህሩና የቢሮ ሠራተኛው ይበዛሉ። ምንጭ የምትወርደው እናትና ሞፈር የሚጨብጠው ገበሬ ግን ጥቂት ናቸው። ወረፋው ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። እናንተ ካልጻፋችሁት ማን ይጽፈዋል?

ለዛሬ በዚሁ ይብቃን። ደህና ሁኑልኝ።